እኩያ የሌለው ጨዋታ፦ ከአገው ጉግስ እስከ ስልክ ጌም

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የዋለ ሰው ሁለት ዓይነት ሕዝብ ያያል። ንግግሩ ሲነገር፣ እንግዳው ሲተዋወቅ፣ ሽልማቱ ሲሰጥ ሕዝቡ ቆሞ ያወራል፤ ዘመድ ይፈልጋል፣ ጥላ ስር ይጠጋል። ጉግሱ ሲጀመር ግን ወሬው ይቆማል። ከባንጃ፣ ከዳንግላ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከአንከሻ ጓጉሳ የመጡት ፈረሰኞች ሜዳውን ሲይዙት፣ ከዳር የቆመው ሰው እንኳ ሳያውቀው አብሮ ጎንበስ ቀና ይላል። ኮርቻ ላይ ካሉት ውስጥ የልጅ ልጅ ያዩ አዛውንት አሉ። እኒህን ሰዎች በየዓመቱ ከቤታቸው የሚያወጣቸው ምንድን ነው?

የተለመደውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አገሪቱ ገና ከጣሊያን ወረራ ሳትላቀቅ ማለት ነው። በዓሉ ፈረሶችና ፈረሰኞች በዓድዋ የከፈሉትን ዋጋ ያስታውሳል፤ ቀኑም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። በአዊ ፈረስ ያርሳል፣ ይጫናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ላይም ይቆማል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በዜናም በየዓመቱ ይነገራል። ነገር ግን እንደ ታሪክ መምህር አንድ ምክንያት ተዘሎ ይታየኛል። ሰዎቹ የሚመጡት ጨዋታው ስለሚጥማቸውም ነው። ደስታን እንደ ታሪካዊ ምክንያት አንቆጥረውም፤ ቀላል ነገር ይመስለናል። ታዲያ ጨዋታ ለምን እንደሚጥም ካላወቅን፣ አንዱ ጨዋታ ለምን እንደኖረ፣ ሌላው ለምን እንደጠፋ፣ ዛሬ ተማሪዎቻችንን ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ የሚያውለው ነገር ምን እንደሆነ ማስረዳት አንችልም።

ስም የወጣለት ስሜት

ይህን ጉዳይ በሳይንስ መልክ ካጠኑት ዋነኛው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ከሀንጋሪ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1934 ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ ጣሊያን ውስጥ እስር ካምፕ ገብቶ ሳለ ቼዝ ሲጫወት በዙሪያው ያለውን መከራ ይረሳ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ አሜሪካ ሄዶ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1960ዎቹ ሠዓሊዎችን ሲያጠና አንድ ነገር አስገረመው፤ ሠዓሊው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ረሃብና ድካም ይረሳል፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ አስደግፎት ሌላ ይጀምራል። ደስታው ያለው በመሥራቱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው መጽሐፍ ቼዝ ተጫዋቾችን፣ ገደል ወጪዎችን፣ ዳንሰኞችንና ቀዶ ሐኪሞችን አነጋግሮ የጋራ ስሜታቸውን ገለጸ፤ ስሙንም «ፍሰት» አለው።

ፍሰት እንዲመጣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። ግቡ ግልጽ መሆን አለበት። የሠራኸው ልክ ይሁን ስህተት ወዲያው መታወቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የነገሩ ክብደትና የአንተ ችሎታ መመጣጠን አለባቸው። ሥራው ከችሎታህ ከበለጠ ትጨነቃለህ፤ ካነሰ ይሰለችሃል። በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ስትሄድ ራስህን ትረሳለህ፤ ሰዓቱም ሳታውቀው ይነጉዳል።

ስሜቱ ለአማርኛ ባዳ አይደለም። ተመስጦ እንለዋለን። ጨዋታው ያዘው፣ ቀኑ እንዴት እንደመሸ አላወቀም እንላለን። ቺክሰንትሚሃይ የጨመረው የክብደትና የችሎታ ሚዛንን ነው። ለታሪክ ሰው ዋናው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲለማመድ ችሎታው ያድጋል፤ ትናንት የከበደው ዛሬ ይቀላል። እንግዲህ ሚዛኑ እንዳይወድቅ ክብደቱን የሚጨምረው ማነው?

ዘንገና ዳር የተማርነው

ዘንገና ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። በዚያ አካባቢ ከብት ስንጠብቅ የምንጫወታት አንዲት ጨዋታ ነበረች። አንድ ጉቶ ዒላማ ይሆናል፤ ሁላችንም ከአንድ መስመር ቆመን በድንጋይ እንመታዋለን። የመታ በሚቀጥለው ዙር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ የሳተ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይጠጋል። በዚህ ዓይነት የስምንት ዓመቱ ልጅ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጎረምሳ ጋር አብሮ ይጫወት ነበር። ትልቁ ሩቅ ቆሞ ይቸገራል፤ ትንሹ ቀርቦ ይቸገራል። ሁለቱም እኩል ይጨነቃሉ፣ እኩል ይደሰታሉ። ከብቱ ማሳ እስኪገባ ድረስ ማን ያስታውሳል!

ደንቧን የጻፈ የለም፤ ከየት እንደመጣችም የጠየቀ የለም። ነገር ግን የዛሬ ጌም ሠሪዎች በኮምፒውተር ፕሮግራም ለመሥራት የሚደክሙበትን ነገር እኛ በእግር እርምጃ እንሠራው ነበር። ክብደቱን ከችሎታ ጋር የሚያስተካክለው ማኅበራዊ ስምምነት ነበር።

በጉግስም ነገሩ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ሚዛን ጠባቂው ተፎካካሪው ራሱ መሆኑ ነው። አንዱ ወገን ጋሻውን ይዞ ይሸሻል፤ ሌላው ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል። የሚሸሸው ወደ ኋላ እያየ በጋሻው ይመክታል ወይም በፈረሱ ጎን ይለጠፋል። ከዚያ ተራው ይለወጣል። ግቡ ግልጽ ነው። ውጤቱ በሰከንድ ውስጥ ይታወቃል፤ ዘንጉ ጋሻ ሲመታ ድምፁ ይሰማል፣ ሲስትም ሜዳው ሁሉ ያያል። ክብደቱን የሚወስነው ግን ከፊትህ ያለው ሰውና የተቀመጠበት ፈረስ ነው። ከልጅነቴ የማስታውሰው አጎቴ ከእሱ የሚያንስ ሰው ሲገጥመው ዘንጉን ለመወርወር እንደማይቸኩል ነው። ደካማን መትቶ መመለስ አያኮራም፤ አይጥምምም። እኩያ ሲያገኝ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማታ እራት ላይ ስለሌላ ነገር አይወራም።

ወረራ

ከጉግስ ሌላ፣ ይህን ሚዛን በሚያስደንቅ ሁኔታ የያዘ ጥንታዊ ጨዋታ ነበረን፤ ሰንጠረዥ። ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ቼዝ ነው፤ በመኳንንት ቤት ይዘወተር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት እንደነበር በዘመኑ አገራችን የነበሩ እንግሊዛውያን ጽፈዋል። በኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ደንቡን አሰባስበው አሳተሙ።

የሰንጠረዥ አጀማመር በሌላው ዓለም ቼዝ የለም። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች እጃቸው እንደቻለ፣ በአንድ ጊዜ፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። የአንዱ ጠጠር የሌላውን እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ተራ ይመጣል፤ እንደ ማንኛውም ቼዝ እየተፈራረቁ ይጫወታሉ። መጀመሪያ የእጅና የዓይን ፍጥነት፣ ቀጥሎ የረጋ ሐሳብ ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ጨዋታ ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ስለ ተጫዋች ስሜት የሚያውቀው ነገር ነበር።

ሁለተኛው ነገር የድሉ ክብር ነው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም ነበር፤ በምን አሸነፍክ ተብሎ ይጠየቃል። በጠንካራ ጠጠር፣ ማለትም በፈረስ ወይም ዛሬ ሩክ በምንለው፣ ንጉሡን መያዝ ተራ ድል ነው። በደካማ ጠጠር፣ ይልቁንም በትንሿ ወታደር መያዝ ግን የጥበብ ምልክት ነበር። ለጎበዙ ተጫዋች ጨዋታው ሲቀለው፣ ክብር ራሱ ከባድ መንገድ እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ዘንገና ዳር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንደ ማለት ነው።

ዛሬ ሰንጠረዥ የት አለ? የንጉሡ፣ የፈረሱ ስም በመጻሕፍት አለ። ስለ ወረራ ማንበብ እንችላለን። ነገር ግን በወረራ ጊዜ የአንድ ጎበዝ ተጫዋች እጅ ምን ያደርግ እንደነበር፣ ዓይኑ ወዴት ያይ እንደነበር ከሕያው ጨዋታ መማር አንችልም። ጨዋታው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአዳራሹ ወጣ፤ ቦታውንም ዓለም አቀፉ ቼዝ ያዘው።

ሰንጠረዥ ስለማይጥም አልጠፋም። በእኔ አስተያየት የጠፋው ቤቱ የመሳፍንቱ አዳራሽ ብቻ ስለነበረ ነው፤ አዳራሹ ሲፈርስ እኩያን ከእኩያ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ቦታ አልነበረውም። ጉግስ ግን በአዊ ማኅበር አገኘ። ማኅበሩ በየዓመቱ ቀን ቆርጦ፣ ሜዳ ለይቶ፣ የሩቁን ፈረሰኛ ከቅርቡ ጋር ያገናኛል። ዛሬ የአባላቱ ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ እንደሆነ ይነገራል። ማኅበሩ ታሪክን መዘከሩ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፈረሰኛ እኩያውን ያቀርብለታል። ደስታ ብቻውን ጨዋታን አያኖርም፤ እኩያን የሚያገናኝ ተቋም ያስፈልገዋል።

ማሽኑ እኩያ ሲሆን

የቪዲዮ ጌም ታሪክ ከዚህ አንጻር ሲታይ የተፎካካሪውን ቦታ ማሽን የያዘበት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ስፔስ ኢንቬደርስን ሠራ። ተጫዋቹ ጠላቶቹን በገደለ ቁጥር በስክሪኑ ላይ የሚሳለው ነገር ስለሚቀንስ የዘመኑ ደካማ ኮምፒውተር የቀሩትን በፍጥነት ያንቀሳቅሳቸው ነበር። ኒሺካዶ ይህን አላረመውም፤ እንዲሁ ተወው። ተጫዋቹ በጎበዘ ቁጥር ጨዋታው ከበደ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሠራው ቴትሪስም ከፍ ባልክ ቁጥር ጡቡን ያፈጥንብሃል።

ቀጥሎ ጌም ሠሪዎቹ የቺክሰንትሚሃይን መጽሐፍ አነበቡ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፔኔሎፒ ስዊትሰርና ፔታ ዋይት የተባሉ ተመራማሪዎች ፍሰትን መሠረት አድርገው የጌም ደስታ የሚመዘንባቸውን ስምንት ነጥቦች አወጡ። ሰባቱ ከሞላ ጎደል ከፍሰት ጋር የሚሄዱ ናቸው፤ ትኩረት፣ ፈተና፣ ችሎታ፣ ቁጥጥር፣ ግልጽ ግብ፣ ፈጣን ምላሽና መመሰጥ። ስምንተኛው ማኅበራዊ ግንኙነት ነው፤ እሱ ግን ከፍሰት ንድፈ ሐሳብ የመጣ አይደለም። ሰዎች ከሰው ጋር ለመጫወት ብለው የማይወዱትን ጌም እንኳ እንደሚጫወቱ ስለታየ ነው የገባው። በሚቀጥለው ዓመት ጄኖቫ ቼን የተባለ ተማሪ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ጽሑፉ አንድ ጌም ሠራ። በዚያ ጌም ክብደቱን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው፤ ሲቀለው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ሲከብደው ወደ ላይ ይወጣል። እርምጃ ወደ ኋላ፣ እርምጃ ወደ ፊት!

ማሽን እኩያ መሆኑ ጥቅም አለው። ብቻውን ያለ ልጅ፣ ሜዳና ፈረስ የሌለው ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት ልኩን ያገኛል። ነገር ግን ማሽን አይደክምም። የፈረስ ጨዋታ ሲያልቅ የሚያውቅ ብዙ አለ፤ ፈረሱ ያልበዋል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ሽማግሌ ይበቃል ይላል፣ ተፎካካሪው ቤቱ ይገባል። ማሽን «ነገ እንገናኝ» አይልም። ናታሻ ዳው ሹል የተባለችው የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ የላስ ቬጋስ የቁማር ማሽን ተጫዋቾችን አጥንታለች። ብዙዎቹ የሚጫወቱት ለማሸነፍ እንኳ አልነበረም፤ ጊዜና ሐሳብ በሚጠፋበት ስሜት ውስጥ ለመቆየት ነበር። ስሜቱ ፍሰት ይመስላል፤ ግን የሚያድግ ችሎታ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን እንደ አንድ የጤና ችግር አስገብቷል፤ ዝርዝሩ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ስለዚህ ልጆቻችን ጌም ሲጫወቱ «ጊዜህን አታጥፋ» ብሎ መቆጣቱ ብቻ አያዋጣም። የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚህ ጨዋታ ችሎታህ ያድጋል ወይ? ይበቃል የሚለውስ ማነው?

በመሃል ያሉት

በየከተማችን ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ብዙ ጊዜ ቆሻሻና ጠባብ ክፍሎች ናቸው፤ ወላጅም አይወዳቸውም። ግን ውስጥ ያለውን ደንብ ተመልከቱት። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው የእግር ኳስ ጌም ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ ተራ የሚጠብቅ ከኋላ ቆሞ ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ያሾፋል። ከጆተኒና ከከረንቡላ የመጣ ልማድ ነው። ጎበዙ ሁልጊዜ አዲስ ተፎካካሪ ይመጣበታል፤ ደካማው ኪሱ ሲነጥፍ ወጥቶ ይሄዳል። ማሽኑ አለ፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው ግን አሁንም ሰው ነው። ይኸው ልጅ ቤቱ ገብቶ ብቻውን ስልክ ላይ ሲጋደም ሚዛኑም ማብቂያውም በሌላ አገር በተጻፈ ፕሮግራም እጅ ይወድቃል።

የአገራችን ጌም ሠሪዎችም ብቅ ብለዋል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን ሠርቷል፤ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት፣ ተጫዋቹ እየሮጠች እንድትዘል ያደርጋታል። ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ኩኩሉን ያየ ፈረሰኛ ሳይስቅ አይቀርም፤ መሸሽና ማሳደድ የእሱም ጨዋታ ነውና። የገበጣው ሙከራ በተለይ ይመስጠኛል፤ ገበጣ ከቦታ ቦታ ደንቡ የሚለያይ ጨዋታ ነው፣ እነዚህንም ልዩነቶች ያሰባሰቡት እኚያው ፓንክረስት ናቸው። የጨዋታን መልክ ወደ ስክሪን ማምጣት ይቻላል፤ ጠጠሩ፣ ጉድጓዱ፣ ፈረሱ፣ ጋሻው ይሳላል። ዋናው ሥራ ግን በጨዋታው ውስጥ የነበረውን ግንኙነት ማምጣት ነው፤ ጎበዙን ወደ ኋላ የሚያስቆመውን፣ በደካማ ጠጠር ያሸነፈውን የሚያስከብረውን፣ ሲመሽ ይበቃል የሚለውን። ይህ የሚገኘው ከደንቡ ነው፤ ደንቡም ያለው በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ድርሻ የሚመጣው። ፓንክረስት የሰንጠረዥንና የገበጣን ደንብ ባያሰባስቡ ኖሮ ከወረራ ስሙ ብቻ ይቀረን ነበር። የአዊ ጉግስ ደግሞ ገና በሕይወት ያለ ነው፤ የሚያውቁት አባቶች አሉ፣ በአውኚም በአማርኛም ይናገራሉ። ፈረስ እንዴት ለጉግስ እንደሚገራ፣ ማን ከማን እንደሚገጥም፣ ምን ነውር እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስመሰግን ዛሬ መጠየቅ እንችላለን። ይህ ለታሪክ ክፍል የመስክ ሥራ ነው፤ ለሥነ ልቦና ክፍል ደግሞ የፍሰትን ንድፈ ሐሳብ በራስ ሜዳ የመፈተን ዕድል ነው፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ሦስቱ ክፍሎች በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ከምሩቃኑም መካከል የፈረሰኛ ልጅ ያልሆነ፣ ቢያንስ ገበጣ ያልተጫወተ ጥቂት ነው።

የዘንገናዋ ጨዋታ ደንቧ እስከ ዛሬ አልተጻፈም ነበር፤ አሁን በዚህ መጽሔት ላይ ተጽፏል። የመታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ የሳተ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። በየመንደራችሁ ደካማውን ከጎበዙ ጋር ያጫወተ እንዲህ ያለ ደንብ እናንተም ታውቃላችሁ። ጨዋታው ምን ይባል እንደነበር፣ ስንት ሰው ይጫወተው እንደነበር፣ ማን ይበቃል ይል እንደነበር ጻፉና ለሚቀጥለው ዓመት እትም ላኩ። የወላጆቻችሁንም ጠይቁ፤ እነሱ የሚያውቁት እኛ ከምናስታውሰው ይበልጣል።